አውርድ ባይ

ወገዳ፣ ስማዳ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ የሰው አገር ድስት ለምታሳምረው፣ የእናቷን ድስት ግን አሳርራ ለሄደችው ለታላቅ እህቴ ለታንጉት። እንደምን ከርመሻል? እኔማ ስምንተኛ ክፍልን ደጋግሜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምን ይነካኛል። ናፍቆቴን የምገልጽበት ቃል ፈልጌ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይሆናል ያለው፣ አልደረስኩበትም።

ይህን ወረቀት የሚወስደው አዳነ ነው፤ የአውቶቡስ ረዳቱ፣ ያ አፍንጫው ከአውቶቡሱ ቀድሞ መናኸሪያ የሚገባው። ደብረ ታቦር ሲደርስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። አንቺም በወረቀት ጻፊና ፎቶውን ላኪለት፤ እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ለምን አትደውልም እንዳትዪኝ። እኛ ቤት ስልክ ማለት እምዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤት ጠርታ የምታሰማው ጉባኤ ነው። ባለፈው ስትደውዪ የሳልሽውን ሳል አገሩ ሁሉ ሰምቶ መድኃኒት ሲያዝልሽ ሰነበተ።

የዘንድሮው ገብስ ቁመቱ እኔን አክሏል። አጭር ነው ማለቴ ነው። ፍሬው ግን ደህና ነው፤ እሱም እንደኔ።

አያ አስናቀን፣ የአባታችንን ወንድም፣ መቼም አትረሺያቸውም። ያ ደረታቸውን የሚያለብሰው ጢማቸው የለም አሁን። ገበያ ላይ ጠጋ ብዬ በጢም ላይ ግብር ሊጣል ነው፣ በስንዝር ይለካል አሉ ብዬ ሹክ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ቤታቸው ሄደው ላጩት። አገጫቸው የተላጠ ድንች መስሏል፤ እኔን ባዩ ቁጥር እጃቸው በትር ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ቤት ተቃጠለ ብል እንኳ የሚያምነኝ የለም።

እምዬ ደህና ናት። ልጄ ዮርዳኖስ ናት እያለች ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መቀመጫዋን ወደ ፊት አስጠግታለች። ሴቶቹ ክርስቶስ የተጠመቀበት ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥቢ መስሏቸው በረከትሽ ይድረሰን ይላሉ። እምዬ ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ላኪልኝ ብላለች። ካልተመቸሽ ከቧንቧ ቅጂና አሽጊው፤ እኔ አልናገርም። ለእኔ ደግሞ ጫማ። ቁጥሩ አርባ አንድ ነው፤ ለመኮራት ከሆነ አርባ ሁለትም ይሆናል።

እህታችን ውባለም ደህና ናት። ከልጇ ከሊድያ ጋር እኛ ጋ መጥታ ሰንብታለች። ሰላም ብላሻለች።

አንቺን የሚያሙ ቢኖሩ ከሁሉም ፊት የሚቀመጠው ወንድምሽ፣
ምንተስኖት


ዐማን፣ ዮርዳኖስ
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀበጡ ወንድሜ ለምንተስኖት። እመቤታችን ትጠብቅህ፤ አንተን መጠበቅ ለእሷም ቀላል ሥራ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉም ድኗል፤ መድኃኒት ላዘዙት ሁሉ ምስጋና አድርስልኝ።

ወረቀትህን አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ አነበብኩት። ብቻዬን ስስቅ ማዳም መስኮት ከፍታ አየችኝ። ገብስ አልከኝ። እዚህም ገብስ አለ፤ ተፈትጎ፣ በላስቲክ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከፍቼ አፍንጫዬን ከተትኩበት። ምንም አይሸትም። የአውድማው እብቅ አንገት ሥር ሲገባ የሚያሳክከው ማሳከክ ናፈቀኝ ብልህ ታምናለህ? የሚያሳክክ ነገር የሚናፍቅ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ወንዙን እስካሁን አላየሁትም። መኪና ይፈልጋል፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ለእምዬ እንዲህ አትበላት፤ ውኃው በዚህ ወራት ይደፈርሳል፣ ሲጠራ ይቀዳል በላት። ከቧንቧ ቅጂ ያልከውን ግን ሳልነግርብህ አላርፍም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ውባለም መጥታ ሰንብታለች አልክ። በኅዳር? አጨዳው ተጀምሮ፣ አውድማው ተለቅልቆ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን ማሳ ላይ በሚበላበት ወር? በዚህ ወር ባሏን ትታ እናቷ ቤት የምትሰነብት ሴት በስማዳም በጋይንትም በእስቴም አይቼ አላውቅም። ለቅሶ ቢኖር ትነግረኝ ነበር። እምዬ ብትታመም ትነግረኝ ነበር። ለአገሩ ሁሉ ቀልድ፤ ለእኔ ግን ንገረኝ። ፊቷ እንዴት ነው?

እህትህ ታንጉት


ወገዳ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ እንኳን ለጥምቀት ሰሞን አደረሰሽ፤ ባለወንዟ አንቺ ነሽና የእኛ ምኞት ምን ያደርግልሻል።

የዘገየሁት የእስክሪብቶ ቀለም አልቆብኝ ነው። ቀጥሎ ደግሞ አዳነ ታሞ ነው። ቀጥሎ መንገዱ ተዘግቶ ነው። ከሦስቱ እውነቱ የመንገዱ ብቻ ነው፤ እሱም የተዘጋው ለሁለት ቀን ነው።

ባሏ ጥጋቡ መታት። በጅራፍ እጀታ። ምሳ አውድማ ዘግይቶ ደረሰ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። እሷም ሲነጋጋ ሊድያን አዝላ ኮብልላ መጣች። ፊቷን ጠይቀሻል፤ ግራ ዓይኗ ተደፍኖ ነበር፣ አሁን ተከፍቷል። ጀርባዋን እምዬ ናት ያየችው። የመጀመሪያውም አይደለም። እስከ ዛሬ ላሟ ረገጠችኝ፣ ላሟ ወጋችኝ ስትለን የነበረው ሁሉ እሱ ነበር። ላሟን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ መረመራትና ቀላል የአካል ጉዳት ብሎ ጻፈ። ውባለም ወረቀቱን በደህናው ዓይኗ አንብባ፣ ቀላል ከሆነ እሱ ተሸክሞልኝ ቢያየው አለች። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ገባን። መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ቃሏን በደንብ ተቀበላት። ሲጨርስ አይዞሽ አላት፤ ጉዳቱ ቀላል ስለተባለ ክሱ የቆመው በአንቺ አቤቱታ ነው፣ ነገ ታርቀናል ብለሽ ብትመጪ ይዘጋል፣ ሁሉም በእጅሽ ነው አላት። እንደ ማጽናኛ ነበር የነገራት። እኛ ቤት ሳንደርስ ግን ቃሉ ቀድሞን ደርሶ አገሩ ሁሉ ይቀባበለው ነበር። ሁሉም በእጇ ነው። እንግዲህ እጇን ነው መያዝ።

ሌላው ጉድ በሬው ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ያለን ቦራ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጥጋቡም ያለው ዳልቻ ብቻ ነው። ሁለቱን እያጣመድን መቀናጆ ከሆንን ሦስት ክረምት አለፈን፤ አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኛን። እኛ ተጣላን እንጂ በሬዎቹ አልተጣሉም። ቦራ ጠዋት ጠዋት ወደ ጥጋቡ ቤት ዞሮ እምቧ ይላል። ይኸን በሬ ማን ያስረዳው?

ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ መጥተው ተመልሰዋል። የሚመሩት አያ አስናቀ ናቸው፣ በጉርድ ጢም። ጉርድ ጢም ያለው ሽምግልና አይጸናም ብዬ ነበር፣ የሳቀልኝ የለም። በልማዱ አንዴ ይመለሳሉ፣ ሁለቴ ይመለሳሉ፤ በሦስተኛው ጥጋቡ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጃችን ይንበረከካል። ድንጋዩን አውርድ የሚለው የልጅቱ አባት ነው። አባት ከሌለ ወንድም። አንቺ እዚያ ነሽ፣ እዚህ ብትሆኚም ሴት ነሽ፤ ስለዚህ ያ ወንድም እኔ ነኝ። አውርድ ካልኩ ታረቁ ማለት ነው፣ እሷም ትመለሳለች፣ ጣቢያ ሄዳም ክሱን ታነሳለች። ይህን የሚያህል ቃል እኔ አፍ ላይ ሲቀመጥ ልማዱ ራሱ እየቀለደ ነው።

እምዬ በየማታው፣ ልጄ አውርድ በለው፣ ሊድያ አባቷን ትናፍቃለች፣ ማሳችንም ጦም አይደር ትለኛለች። ውባለም ምንም አትለኝም። ምን ላድርግ? ጫማው ይቅርብኝ። ምክር ላኪልኝ።

ምንተስኖት


ዐማን
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣ ጾሙን የበረከት ያድርግልህ። እኔም ዘግይቻለሁ። ቀለም አላለቀብኝም፣ መንገድም አልተዘጋብኝም። እየጀመርኩ እቀደው ነበር።

እኔ ለገንዘብ የወጣሁ ይመስልሃል። ሁላችሁም እንዲመስላችሁ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ለገንዘብ መሄድ አያሳፍርም። እስቴ ስዳር አንተ ገና የወተት ጥርስህን የምትነቅል ልጅ ነበርክ። ባሌን ካሴን የምታውቀው ለፋሲካ ሙክት እየነዳ ሲመጣ ነው። ደግ አማች ነበር፣ ከረሜላም ይዞልህ ይመጣ ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን ይመታኝ ነበር። ኮብልዬ መጣሁ፤ ሽማግሌ ተላከ፤ በሦስተኛው ካሴ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ወደቀ።

አባዬ ክፉ ሰው እንዳልነበረ ታውቃለህ። በሬ ሲገረፍ ማየት የማይወድ ሰው ነበር። ያን ቀን ካሴ ተንበርክኮ፣ ላቡ መሬቱን ሲያርስ አየና አነባ። አንገትህ ተቀጠፈ፣ አውርድ ልጄ አለው። ሰዉ ሁሉ እልል አለ። የእኔ አንገት ላይ ሻሽ ታስሮበት ነበር። እስኪ ፍቺው ያለኝ ሰው የለም።

በማግስቱ መካነ ኢየሱስ ፖሊስ ጣቢያ ወስደውኝ ታርቀናል ብዬ ፈረምኩ። ፖሊሱም እሰይ ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ወር አልሞላም። አንድ የገበያ ቀን እህል ይዤ ወጣሁና እህሉን ሸጬ የደብረ ታቦሩን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የቀረውን ታውቀዋለህ።

አልተፋታንም። ካሴ ዛሬም ሚስቴ ውጭ አገር ናት ይላል አሉ። ኮንትራቴ ባለቀ ቁጥር አሁንስ እሄዳለሁ ብዬ ሻንጣ እገዛለሁ። ለእምዬ ሻሽ፣ ለሊድያ ቀሚስ እከትበታለሁ። ከዚያ ደጃችን ይታየኛል፤ ሽማግሌው በክብ ተቀምጦ፣ ካሴ ድንጋዩን ተሸክሞ። ሻንጣውን ወደ አገር ለሚሄዱ ልጆች እሰጣለሁ። ከእኔ ሻንጣዎች አገር ያልገባው እኔ የያዝኩት ብቻ ነው።

ምክር ብለሃል። ሰው ከበደኝ ሲል ልብህ እንደ አባዬ እንደሚሟሟ አውቃለሁ፤ ቀልድህም የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። አንገቱን አትይ።

የበሬ መግዣ ብልክልህ እንዴት ደስ ባለኝ። ማዳም ደመወዜን ይዛብኛለች፤ መቼ እንደምትለቀው አላውቅም።

ታንጉት


ወገዳ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

መጀመሪያ ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ። ከጎረቤት ልበደር ብዬ ነበር፣ የእነሱ ደግሞ የሚያስቅ አይደለም። ያን የካሴን ከረሜላ በልቼዋለሁ። ምን እንደምልሽ አላውቅም፤ ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልጻፍልሽ።

ወገዳ ስብሰባ ተጠራ። ከዞን የመጣች አንዲት የሕግ ባለሙያ አለች፣ መነጽሯ ትልቅ፣ ድምፅዋ ትንሽ። እኔ የሄድኩት ጾም በሚፈቅደው ዳቦና ለስላሳ ምክንያት ነው፤ ውባለም የሄደችው እኔ ብቻዬን ዳቦ እንዳልጨርስ ነው ብላ። ሴትዮዋ በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ድብደባ የወንጀል ሕጉ ይጠንክር የሚል ሐሳብ አለ፣ የሕዝቡን ቃል ልንሰማ መጣን አለች። ቅጣቱ ከፍ ይበል፣ ደጋግሞ የመታ ይባስ ይቀጣ፣ ተበዳይዋ ታርቄያለሁ ብትልም ክሱ አይቋረጥ፤ እንዲህ እንዲህ እያለች ዘረዘረች።

የመጨረሻውን ስትል አዳራሹ ንብ ሆነ። አንዱ፣ ባል ሁሉ ከታሰረ ማን ያርሳል አለ። እኔም ከኋላ፣ እስር ቤቱን ማሳ መሀል እንሥራዋ አልኩ። ተሳቀ። ውባለም ግን አልሳቀችም።

አያ አስናቀ ተነሡ። ጢማቸው በቅሏል። እውነቱን ለመናገር ደህና ተናገሩ። መንግሥት ከወገዳ ወዲያ አይታይም አሉ፤ ሰው ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸውን ነው፣ ደም ሲፈስ የሚያደርቁት እሳቸው ናቸው፣ ሽምግልናን ከገደላችሁ ነገ ለሚጫረሰው ሰው ማን ሊደርስለት ነው አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ መሰለኝ።

ያኔ ውባለም ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። እኔ ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ጮኻ አልተናገረችም።

«ክሱ በእጅሽ ነው ተብዬ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ በእጄ የሆነ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። አሁን እናቴ ያን እጄን ይዛ ታለቅሳለች። አጎቴ ይስሙታል። ወንድሜ በሬውን ያያል፣ ቀጥሎ እጄን ያያል፣ ዝም ይላል። ሽምግልናው አይሙት፣ እኔም ሽማግሌ እወዳለሁ። ክሱን ግን ከእጄ ውሰዱልኝ። መንግሥት ይያዘው። መንግሥት እጁን ይዛ የምታለቅስበት እናት የለችውም።»

ተቀመጠች። አንዳንድ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። በሬውን ያያል ያለችውን ሰምተሻል? እኔ የማልታይ መስሎኝ ነበር የማየው።

ሴትዮዋ ጻፈች። ቀና ብላ፣ ይህን ይዘን እንሄዳለን፣ ዛሬ ግን ሕግ ይዤ አልመጣሁም አለች። መቼ ነው የሚመጣው ተብላ ተጠየቀች። አላውቅም አለች። ስላልዋሸች ወደድኳት።

ሰፈር ተመልሼ ላልመጡት ሕጉ ሊጠነክር እየተመከረበት ነው ብዬ ነገርኩ። እንደ ጢሙ ግብር ነው አሉና ሄዱ።

ሽማግሌዎች ሁለተኛ መጥተው ተመልሰዋል። ሦስተኛው ለዳግም ትንሣኤ ማግስት ተቀጥሯል። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት እንድታነሳው ነው ጥድፊያው። ከግንቦት ወዲያ ዝናብ ስለሆነ እኔም ቀንበሩን ጠግኜ አስቀምጫለሁ። ለማን እንደጠገንኩት አላውቅም።

ምንተስኖት


ዐማን
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምንቴ፣ ሕማማት ነውና ሰላምታ አልሰጥህም።

አጭር ነው የምጽፈው፤ ማዳም እንግዳ አለባት። የውባለምን ቃል አርብ ቤተ ክርስቲያን ስንሰበሰብ ለአገራችን ልጆች አነበብኩላቸው።  አንዷ የጋይንት አርብ ገበያ ልጅ ናት፣ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ሕጉ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል አለችኝ።  ቀጥላ ደግሞ፣ እስከዚያ ምን ይኮናል አለች።

እስከዚያ አንተ ነህ ያለኸን። ይህን የሚያህል ነገር አንተ ላይ መውደቁ አያስቀኝም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

ያልከውን ቶሎ ጻፍልኝ። እንዳታሾፍብኝ።

ታንጉት


ወገዳ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ለታንጉት። ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እጄ ውኃ ቋጥሮ ስለፈነዳ ፊደሌ ቢንጋደድ ሰክሮ ነው እንዳትዪ፤ ምክንያቱን ትደርሺበታለሽ።

መጡ። አያ አስናቀ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ጥጋቡ መሀል ላይ ድንጋይ በአንገቱ። እኔ ከሳምንት በፊት የተዘጋጀሁበት ቀልድ ነበረኝ። ድንጋዩ ከማን ማሳ ነው፣ ከእኛ ከሆነ መልስ እንጂ ምን ያሸክምሃል ልለው ነበር። ሳልለው ቀረሁ።

ተንበረከከና በልማዱ ጥፋቱን ተናገረ። «መትቻታለሁ፣ በጅራፍ እጀታ መትቻታለሁ፣ በድያለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እምዬ አልቅሳ ጨርሳ ታየኛለች።

አትይ ብለሽኝ ነበር፤ አየሁት። የአንገቱ ሥር ገመድ ሆኗል፣ ዳልቻ ዳገት ሲወጣ እንደሚሆነው። ላቡ እየተንጠባጠበ ጢሙ ላይ ይወርዳል። ይኸ ሰውዬ በአባዬ ለቅሶ ከእኔ ጋር መቃብር የቆፈረ ሰው ነው። አንደበቴ «አ» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ እግዚአብሔር ያያል።

ውባለም የጓዳው በር ላይ ነበረች። ልማዱ ከጓዳ ሆና እንድትሰማ ነው። አየኋት፤ እሷ ጥጋቡን አላየችም፣ እኔንም አላየችም። እጇን ነበር የምታየው። ያኔ ቃሉን ዋጥኩት።

«ይህ ቃል የእኔ አይደለም» አልኩ። «የተመታሁት እኔ አይደለሁም። እሷን ጠይቋት።»

አያ አስናቀ፣ አንተ ልጅ ቀልድህን ተው፣ ሰው ድንጋይ ተሸክሟል አሉኝ። አልቀለድኩም አልኩ። ይህን ስል ያመነኝ ሰው ኖሮ ስለማያውቅ ደገምኩት። አንዱ ሽማግሌ፣ ሴት በዚህ ነገር ምን አገባት አለ። እኔም፣ ጅራፉ ሲገባባት ምን አገባት ብሎ ማን ጠየቀ አልኩ። ይኸ ቀልድ አልነበረም፣ ግን ከቀልዶቼ ሁሉ ጸጥ ያሰኘው እሱ ነው።

ውባለም ወጣች። ጥጋቡ ፊት ቆመች።

«አውርድ» አለችው። «አንገትህ እንዲሰበር አልፈልግም። ስለ እግዚአብሔር ብለሃል፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብዬሃለሁ። ክሴን ግን አላነሳም። ወደ ቤትህም አልመለስም።»

ድንጋዩን አወረደ። እልል ያለ የለም፤ እልል ይባል አይባል ያወቀ አልነበረም። አያ አስናቀ ተቀምጠው በበትራቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩና፣ ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ መጣን ልጄ አሏት። እሷም፣ አጎቴ፣ መትቻታለሁ ሲል ሰምታችኋል፣ ይበቃኛል አለቻቸው።

ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር። በፍርድ ቤቱ ቀን ጥጋቡ አልመታሁም፣ ላም ወግታት ነው አለ። ያቺ ምስኪን ላም። ውባለም ምስክሬ አጎቴ ናቸው አለች። አያ አስናቀ ተጠሩ። ማሉ። ዳኛው፣ ሲያምን ሰምተዋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እታለም፣ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን ሲዳስሱ አየኋቸው። ሽምግልና ላይ የተሰማ ነገር ከሽምግልና አይወጣም፣ ይኸን ልጅ ሆነን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ግን ደግሞ ማተባቸውን ይዘው ምለዋል። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ድንጋይ ተሸክሞ መትቻታለሁ ብሏል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚዋሽ ሰው አላውቅም።»

ተፈረደበት። ጥቂት ወር ነው፤ ቀላል እስራት ይባላል። ውባለም ሰማችና፣ ሁሉም ነገሬ ቀላል ነው አለች። ዓቃቤ ሕጉ፣ አሁን ያለው ሕግ የሚሰጠን ይህን ነው አላት። የሚጠነክረው ሕግስ ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ። ከደጅ ስንወጣ አያ አስናቀን አገኘናቸው፤ አላናገሩንም፣ በእግራቸው ብቻቸውን ሄዱ። ቢሆንም ከትናንት ወዲያ የሰው ሚስት ኮብልላ ሽማግሌ ሊልኳቸው ቢመጡ፣ መጀመሪያ ልጅቱን ጠይቄ ልምጣ ብለው መለሷቸው አሉ። ይኸን የነገረኝ አዳነ ነው፤ አዳነ ደግሞ ከእኔ አይሻልም፣ ግማሹን እመኚ።

በፍርዱ ማግስት የጥጋቡ ወንድሞች ዳልቻን ከጥጋቡ ቤት ፈትተው በደጃችን አሳልፈው ወሰዱት። ሞፈሩንም ወሰዱ። ቦራ እስከ ወንዙ ተከተላቸው፣ እኔ ነኝ በግድ የመለስኩት። ሌላ መቀናጆ ለምኜ ነበር። አንዳንዱ በሬዬ ታሟል ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ አንተ ነህ አይደል እህትህን ያላስታረቅኸው ይለኛል። ስለዚህ በዶማ ነው የምንቆፍረው። እኔና ውባለም ገና ሲነጋ እንወጣለን። እኔ አንድ ሁለት መስመር ሄጄ ወገቤን ስይዝ እሷ አምስት ትደርሳለች። እንደ ገብሱ ነህ ትለኛለች፤ አሁን አሁን መቀለድ ጀምራለች፣ ገበያዬን ልትዘጋው ነው።

እምዬ ከዚያ ቀን ጀምራ አኩርፋኝ ነበር። ትናንት ማሳ ላይ ቆማ አየችን። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቤት ገብታ የአባዬን አሮጌ ዶማ፣ ያንን እጀታው የላላውን፣ ይዛ መጣችና ከጎናችን መቆፈር ጀመረች። ቃል አልተናገረችም። ሊድያ የቆፈርነው ጉልጓሎ ላይ ተቀምጣ ሁላችንንም ታዘናለች።

በዶማ ብቻ ማሳው አያልቅም። ከወንዙ ማዶ ያለው ግማሹ ዘንድሮ ጦሙን ያድራል። እምዬ የወንዝሽን ውኃ ነገር ትታዋለች። ትናንት ማታ የጠየቀችኝ፣ ታንጉት ዛሬም ዶማ መያዝ ትችል ይሆን ብላ ነው።

ሻንጣሽን ለሰው አትስጪ። ካሴ ቢመጣ ይምጣ፣ የፈለገውን የሚያህል ድንጋይ መርጦ ይሸከም። እኔ አንገቱንም አላይ፣ ቃልም አልናገር። ዞሬ አንቺን ነው የምጠይቅሽ፤ ዝም ብትዪም እስክትናገሪ ተሸክሞ ይጠብቃል። ሕጉ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። የእኛ ደጅ ግን እንዲህ ሆኗል።

ነይ። በሬ የለንም፤ አንድ ዶማ ግን ትርፍ አለ።

ምንተስኖት